ለነገ የተቀመጠው መድኃኒት

ምስጋኑ የላሊበላ ሸማኔ ነበር። በድንጋይ በተሠራው ባለ አንድ ፎቅ ቤቱ ምድር ቤት ቁጭ ብሎ ጋቢ ሲሸምን፣ ሚስቱ እታገኘሁ ከላይ ሆና ትፈትልለት ነበር። በ1982 ዓ.ም. መስከረም ላይ እንዝርቱን ማንሳት አቃታት። ደሴ የመረመራት ሐኪም የማህፀን ካንሰር ነው፣ ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር የለም ብሎ፣ ለስቃይዋ ማስታገሻ ሃያ አራት ብልቃጥ መድኃኒት ሰጥቶ መለሳቸው።

ከከተማው ጤና ረዳት ከዘውገ ዘንድ ምስጋኑ መርፌ መውጋትን በድንች ላይ ተማረ።

«ጋሽ ምስጋኑ፣ ጧት አንድ፣ ማታ አንድ» አለው ዘውገ። «እስክትጮህ አይጠብቁ። ሕመሙን ይቅደሙት።»

«ሲያልቅስ?»

«ከደሴ አስመጣለሁ።»

የመጀመሪያው ሳምንት ደህና ነበር። እታገኘሁ ትተኛለች፤ ስትነቃ ጥቂት አጥሚት ትቀምሳለች። አንድ ቀን «እጅህ ከሐኪሙ እጅ ይቀላል» ብላው ሁለቱም ሳቁ።

ከዚያ ጦርነቱ ቀረበ፤ በደሴ መንገድ ጋሸና ላይ መኪና አያልፍም ተባለ። ዘውገ እራሱ ምስጋኑ ቤት ድረስ መጣ።

«የሚመጣ የለም፣ ጋሽ ምስጋኑ። ያለውን እንደነገርኩዎ ይስጧት። ሲያልቅ እንመካከራለን።»

የቀረው አሥር ብልቃጥ ነበር። ምስጋኑ አሥሩን ደጋግሞ ቆጠረ። ከአምስት ቀን በኋላ ባዶ እጁን አጠገቧ መቀመጡ ታየውና ፈራ። በማግሥቱ ጧት መርፌውን የቀቀለበትን ውሃ አቀዘቀዘና እሱኑ ስቦ ወጋት። መድኃኒቱን ለማታ አደረገው።

እኩለ ቀን ሳይደርስ የጋቢዋን ጫፍ መንከስ ጀመረች። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው ሆነ። በአራተኛው ቀን ጧት መርፌውን ይዞ ሲመጣ እጁን ያዘችው።

«ምስጋኑ፣ የጧቱ ውሃ ነው አይደል?»

ዓይኑን መድኃኒቱ ወዳለበት ሳጥን መለሰ።

«ስንት ቀረ?»

«ሰባት። መንገዱ እስኪከፈት ብዬ እኮ ነው፣ እታገኘሁ። ካለቀ በኋላ ምን ላደርግልሽ ነው?»

«ለእኔ ከሆነ የምታስቀምጠው፣ አሁን ስጠኝ።»

አልሰጣትም። እጁን ለቀቀችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ከዚያ ወዲያ አልለመነችውም።

በስድስተኛው ቀን ከጧት ጀምሮ ጮኸች። ጎረቤቶች መጡ፤ ጩኸቷን መስማት እያቃታቸው ወጡ። ቀትር ላይ ምስጋኑ ሮጦ ከሳጥኑ አንድ ብልቃጥ አነሣ፤ የብልቃጡን አንገት ሰበረ። መድኃኒቱን ስቦ ሳይጨርስ ጩኸቷ ቆመ። ቀና ሲል እታገኘሁ ሞታ ነበር።

ልጃቸው ገለቴ ከኩልመስክ በእግሯ ስትደርስ ቀብሩ አልፏል። በማግሥቱ የእናቷን ልብስ ከሳጥኑ ስታነሣ በጥጥ የተጠቀለሉ አራት ብልቃጦች አገኘች።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«የስቃይዋ መድኃኒት ነው።»

«ጎረቤቶቹ እየጮኸች ሞተች አሉኝ እኮ!»

ውሃውንም፣ ቆጠራውንም፣ ሁሉንም ነገራት። ገለቴ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«እማዬ ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር።»

ገለቴ ብልቃጦቹን ወስዳ ለዘውገ ሰጠች፤ እሱም በዚያው ሳምንት ሆዱ ለቆሰለ ገበሬ ሰጣቸው። ምስጋኑ ለንስሐ አባቱ ተናገረ፤ ቄሱም ስግደት አዘው ፈቱት። ገለቴ ከሰልስቱ በኋላ ወደ ኩልመስክ ተመለሰች፤ እስከ ተዝካሩ ድረስም የአባቷን ደጅ አልረገጠችም።