ቡፌ ውስጥ የቆለፍኩት ዋይፋይ

ልጄ ለንሳ ከዩኒቨርሲቲዋ ጉደር ግቢ በሚኒባስ ትመጣና ቦርሳዋን እኔ ጋ ወርውራ፣ ላፕቶፗን ይዛ ውልቅ ትላለች። «አዮ፣ ለመውጫ ፈተናው የማየው ቪዲዮ በሞባይል ካርድ አይቻልም። አዳዳ ኤቢሴ ጋ ነኝ።» አዮ እኔ እናቷ ነኝ፤ አዳዳ ማለት አክስት ነው። ኤቢሴ ከመንገዱ ማዶ ያለች ጡረተኛ አስተማሪ ናት፤ አክስትነቱን ከየት አባቷ እንዳመጣችው እንጃ። ባሌ ከሞተ ጀምሮ መዝገብ ቤት እየሠራሁ፣ ሀገረ ሕይወት የሚል የከተማችን የቀድሞ ስም ማኅተም ያለበት የድሮ ፋይል አቧራ እየዋጥኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ምሳዋን ግን እዚያ ትበላለች። «ጠግቤያለሁ» ባለችኝ ቁጥር እርር ድብን እላለሁ።

ስለዚህ እኔም እንደ ኤቢሴ ዋይፋይ አስገባሁ። ባለሙያው ገመዱን ዘርግቶ ራውተሩን መስኮቱ አጠገብ ሰቀለልኝና «እዚሁ ይሁን እማማ፣ አይንኩት» ብሎኝ ሄደ። የኤቢሴ ራውተር አቧራ ለብሶ ጠረጴዛ ላይ ተጥሏል፤ የኔ እንደዚያ ሊሆን ነው? አወረድኩና ቡፌው ውስጥ፣ ከሠርጌ ብርጭቆዎች መሃል አስገባሁት። ዳንቴል አልብሼ ቆለፍኩበት። ክብር ያለው ዕቃ ቦታው ቡፌ ነው።

ለንሳ መጣች፤ ክፍሏ ገብታ ትንሽ ሞከረች፤ ከዚያ ላፕቶፗን ታቅፋ ወጣች። «የኛው ይቆራረጣል አዮ፣ ማዶ ልሂድ።» ደሜ ፈላ። ባለሙያው ጋ ደወልኩና የጎረቤቴን አሳምረህ የኔን አበላሸህ ብዬ ልክ ልኩን ነገርኩት። አስጨርሶኝ «የት ነው ያስቀመጡት?» አለኝ። ቡፌ ውስጥ አልኩት። «ከኋላው ያለው መስታወት እኮ ያፍነዋል እማማ፣ ያውጡት» አለ። ኀፍረቴን ውጬ አወጣሁት። ዳንቴሉን ግን ከሥሩ አነጠፍኩለት፤ እሱንስ ማን ይከለክለኛል።

ቅዳሜ ልጄ ቤቷ ዋለች። የምትወደውን ጭኮ በቅቤ አሽቼ ሠራሁላት። ኤቢሴ ዛሬ ግድግዳዋን እያየች ትብላ አልኩ በሆዴ፤ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ሳህኑን ይዤ የለንሳን በር ገፋ አደረግኩት።

ላፕቶፑ ላይ ኤቢሴ ምሳዋን ይዛ ተቀምጣለች። «ብቻሽን እንዳትበዪ ብዬ ነው የደወልኩት አዳዳ» ትላታለች ልጄ። ኤቢሴ አየችኝና «ድንቅቱ፣ እግዜር ይስጥሽ፤ ዛሬ ትቀርብኛለች ብዬ ነበር» አለችኝ።

ሳህኑን አስቀምጬ ወጣሁ። ልጄን ከሷ ቤት ላስቀር ብዬ፣ እሷን ራሷን ቤቴ አስገብቻታለሁ።