ፈረሱ ማን ነው?

ደርግ እኔን ያሰረበት ክፍል ድሮ የጤፍ መጋዘን ነበር። ገፍትረው ሲያስገቡኝ ከእስረኛው ብዛት እግሬን የማሳርፍበት ቦታ አጣሁ። መስኮቱ በቆርቆሮ ተመትቷል፤ ሰማይ የሚባል ነገር የለም። መንጋቱን የምናውቀው የብስራተ ገብርኤል ደወል ሲሰማ ነው።

እዚያ ቤት ሁሉም የሚያውቀውን በተራ ያስተምራል። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ተራዬ ሲደርስ ስለ ኮከብ አወራሁ።

«ሰማይ ላይ የፈረስ ራስ የሚመስል ጥቁር ደመና አለ» አልኩ። «የዝናብ ደመና አይደለም፤ ጋዝና ብናኝ ነው፤ ብርዱ አይጣል ነው። እዚያ ጨለማ ውስጥ በገዛ ክብደቱ እየተሰበሰበ፣ እየተጨናነቀ ሄዶ ይግላል። ከዚያ ኮከብ ይወለዳል።»

«ታዲያ እኛ ስንጨናነቅ ቅማል ብቻ የሚወለደው ምነው?» አሉ አባባ።

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አባባ የላፍቶ ገበሬ ናቸው፤ የታሰሩት በፈረሳቸው መሣሪያ አመላልሰዋል ተብለው ነው። ሳቃችን በር ላይ ለቆመው ጠባቂ ደረሰ፤ የፈረሱን ነገርም ሰምቶ ኖሮ ትምህርቱን ሳልጨርስ ተጠራሁ።

መርማሪው ሲጋራውን ለኮሰና «ፈረሱ ማን ነው?» አለኝ።

«ደመና ነው።»

«ሞኝ መሰልኩህ? ፈረሱ የሽማግሌው ነው፣ መሣሪያ ሲያመላልስበት ነበር፣ በልና ፈርም። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

ፈራሁ። እናቴ ቤት ያለችው አልጋዬ ታየችኝ። ብፈርም ግን አባባን ይረሽኗቸዋል።

«ደመና ነው» አልኩ። ውስጥ እግሬን ሲገርፉኝም ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ተሸክመው አምጥተው ጣሉኝ። አባባ ጋቢያቸውን አጥፈው ከእግሬ ስር አደረጉልኝ። ምን እንደተጠየቅሁ አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

«አይዞህ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ትምህርቱ ግን አላለቀም እኮ። ኮከቡ ተወለደ ወይስ አልተወለደም?»

ግድግዳ ይዤ ተነሣሁ። ጠባቂው እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ከፈረሱ ራስ ጀምሬ እስከ መጨረሻው አስተማርኩ። በሩን የከፈተ አልነበረም።

ሰንበትበት ብሎ አባባን «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» አሏቸው። እንዲህ ተብሎ የተጠራ ለመረሸን እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቃለን። ጋቢያቸውን ለኔ ትተው በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉና «አስተማሪው፣ ያን ፈረስ ጠብቅልኝ እሺ» አሉኝ። አልተመለሱም። በእኔ ፊርማ ግን አልሄዱም።

አሁን የምኖረው ለቡ ነው። መብራት ሲጠፋ በረንዳ ላይ ወጥቼ አንጋጥጣለሁ። ያ ደመና በዓይን እንደማይታይ አውቃለሁ። ጎረቤቶቼ «ጋሼ፣ ምን እያዩ ነው?» ሲሉኝ፣ «የሰው ፈረስ አደራ አለብኝ» እላቸዋለሁ።