እናቴ በጸሎት ልትቀልድ የወጣችበት መድረክ

ወገኖቼ፣ ጌታ በእናቴ ጉሮሮ ያደረገውን ሳልናገር መቀመጥ አቃተኝና ተነሳሁ። እንደምታውቁኝ ቶሎ የማምን ሰው አይደለሁም። መጽሐፍ ማንበብ ያበዛ ሰው ተአምር ሲነግሩት መጀመሪያ ማብራሪያ ይፈልጋል። እኔም ፈልጌ ነበር።

በደርግ ዘመን፣ አሰበ ተፈሪ ላይ፣ ቤተሰባችን የሚታወቀው በማሳቅ ነበር። መድረክ ላይ አባቴ ሰካራም፣ እኔ ዘበኛ እንሆናለን፤ እናቴ አስካለ ደግሞ የቀረውን ሰው ሁሉ ሆና ትጫወታለች። የጫት ነጋዴ መሆን ካማራት ገለምሶ ገበያ ሄዳ አንዱ አጠገብ ትውላለች፤ ስትመለስ አረማመዱን ይዛው ትመጣለች። ቤቱን ያቆመችው እሷ ናት፤ እኛ አጃቢዎች ነበርን።

ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ። ሐኪሙ አይቷት፣ «ወይዘሮ አስካለ፣ መድረኩን ይርሱት» አላት። አባቴ ሊያስቃት ሞከረ። ሳቀች፣ አለቀሰችም፤ ሁለቱም ድምፅ አልነበራቸውም።

ከወራት በኋላ ቀበሌው በጴንጤ ላይ የሚያላግጥ ቲያትር አዘዘ። እናቴን ደስ አላት፤ የምትጸልይ ሴት ሆኖ ለመጫወት ከንፈር ማንቀሳቀስ ይበቃል። እንደ ልማዷ ልታጠና ሄደች። ጸሎት ቤቱ ስለታሸገ አማኞቹ ከወለጋ ተመድባ በመጣች ነርስ ቤት ተደብቀው ይሰበሰቡ ነበር፤ ተደብቀው ስል፣ ግማሹ ከተማ እያወቀ ማለቴ ነው። ነርሷ በሩን ከፍታ፣ «እትዬ አስካለ፣ ሊቀልዱብን እንደመጡ ገብቶናል። ይግቡ። መጀመሪያ ግን ለጉሮሮዎ እንጸልይ» አለቻት።

ጸለዩላት። ምንም አልሆነም። እናቴ የእጃቸውን አነሳስ አጥንታ ተመለሰች።

የቲያትሩ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። እናቴ ተንበርክካ እጆቿን ዘረጋች። እኔ የእንጨት ጠመንጃዬን ደግኜ፣ «እጅ ወደ ላይ!» እያልኩ ልገባ ስል፣ «ጌታ ሆይ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእናቴ ድምፅ! ሃሌሉያ! አባቴ ድርሰቱ ውስጥ የሌለ ልቅሶ ለቀቀው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ አንዱ፣ «ወላሂ፣ ጉድ ናት ይቺ ሴትዮ!» ይላል።

«አትሳቁ፤ የምሬን ነው» አለች። ይብስ ሳቁ።

በማግስቱ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ «ጓድ አስካለ፣ ይህንኑ ቦርደዴና ቦኬም ሄደሽ ታሳዪልናለሽ» አላት።

«ጌታ በመለሰልኝ ድምፅ በእሱ አልቀልድም» አለችው።

ለዚህም ሳቀ። ቀልድ አለመሆኑ ሲገባው ግን አሰራት፤ ሁላችንንም ከመድረክ አገደን።

ምሳ ላደርስላት ስሄድ ከእስር ቤቱ አጥር ውጭ ሆኜ ሰማኋት፤ ትዘምራለች። ዘበኛው፣ «ኧረ እናትህን ዝም በይ በላት! እስረኞቹ ድገሚ እያሉ አስቸገሩኝ» አለኝ። ወገኖቼ፣ ድምፅ እንዴት እንደሚመለስ መጻሕፍቱ ያስረዱኝ ይሆናል፤ አልከራከራቸውም። እንጀራዋን ያጣች ሴት እንዲያ የምትዘምርበትን ደስታ ግን አላስረዱኝም። እዚያው አጥር ሥር ተንበረከክሁ። ስሙ ይባረክ!

እናቴ ይኸው አርጅታ እፊታችሁ ተቀምጣለች፤ «አሳጥር» እያለች በእጇ ምልክት ትሰጠኛለች። እሺ፣ ላሳጥር። የምትጠራጠሩ ካላችሁ፣ ጥርጣሬያችሁ እስኪለቃችሁ አትጠብቁ። ይዛችሁት ኑ፤ እኔም የመጣሁት ይዤው ነው።