በርኖሱን ያልበሳው አሲድ

ሳጥኔን ስከፍት መጀመሪያ የሚመጣብኝ የእንዶድ ሽታ ነው። ከሥር አንዲት የጥጥ ኩታ ታጥፋ ተቀምጣለች። ወደ መስኮቱ ባነሣኋት ቁጥር ብርሃኑ በቀዳዳዎቿ ያልፍና ግድግዳው ላይ እንደ ተበተነ ገብስ ይረጫል።

በነገሩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አስቀድሜ ልንገርህ። አንደኛዋ ኩታዋን የፈተለችው እናቴ ናት፤ ነፍሷን ይማር። ሁለተኛው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው የሳይንስ መምህራችን ነው። ሦስተኛው አንድ ዴስክ ላይ አብሮኝ ይቀመጥ የነበረው፣ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆኖ ጡረታ የወጣው ሰውዬ ነው። አራተኛዋ ልጄ ናት። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እዚሁ መንዝ፣ ዘመሮ ከተማ ወፍጮ ቤት ያለኝ፣ ያወቅሁትን ሁሉ ያለ አስተማሪ ያወቅሁ።

እናቴ የመርሐቤቴ ቆላ ልጅ ነበረች። መንዝ ተድራ መጥታ ብርዱ አጥንቷ ድረስ ቢገባም ጥጥ መፍተል አልተወችም። ስለዚህ የክፍሌ ልጆች ጥቁር የሱፍ በርኖስ ደርበው ሲመጡ እኔ በነጭ ኩታ እሄድ ነበር። «ቆለኛው! ወባህን የት ጥለኸው መጣህ?» ይሉኛል። ያ የዴስክ ጓደኛዬ ብቻ አይስቅብኝም ነበር። ውርጭ ሲበረታ በርኖሱን ገልጦ ለሁለት እንለብሳለን። ይህን አልክድም።

መምህራችን አንዲት ጠርሙስ አሲድ ነበረችው። ጠባብ መጋዘን ውስጥ ቆልፎባት፣ «ይቺን ከእኔ በቀር የነካ ትምህርት አበቃለት» ብሎናል። አንድ ቀን ከሰዓት ልጆቹ ሜዳ ላይ ኳስ ሲራገጡ ጓደኛዬ ቁልፉን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ «ና፣ ሚስማር ሲቀልጥ ላሳይህ» አለኝ። እኔ አጠገቡ ቆምኩ፤ እሱ ቀዳ። አረፋው እየተንፏፏ ተነሣ፣ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ መጣ፣ ጠርሙሷ ከእጁ አምልጣ ወለሉ ላይ ተከሰከሰች። ፍንጥቅጣቂው ሁለታችንንም አገኘን። አፈር በትነንበት ወጣን። ከአጥሩ ጀርባ ቆመን፣ አንዳችን ሌላችንን ላናጋልጥ በመድኃኔ ዓለም ማልን።

እናቴ ወንዝ ወርዳ ኩታዬን በእንዶድ ስታጥባት እጇ ላይ እንደ ወንፊት ተበሳሳች። ሌላ ልብስ ስላልነበረኝ እሷኑ ለብሼ ሄድኩ። መምህሩ ጫፏን ይዞ ወደ መስኮቱ አነሣት።

«ይህ የአሲድ ሥራ ነው። ማን ነበር አብሮህ?»

መሐላዬን ጠበቅሁ። ያን ጊዜ ጓደኛዬ ከተቀመጠበት ተነሣ። በርኖሱ ላይ አንዲት ቀዳዳ አልነበረችም። «መምህር፣ እኔ አይቼዋለሁ። ብቻውን ነው የገባው» አለ።

በዚያው ቀን ተባረርኩ። አገሩ «ሌባው» አለኝ። እናቴ ከዚያ ወዲያ ገበያ የምትወጣው ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ነበር፤ እንደዚያው ሆና ሞተች። እሱ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ባሕር ማዶ ተማረ፣ ተመልሶ ፕሮፌሰር ሆነ። ስሙ በተነሣ ቁጥር ሬዲዮኑን እዘጋለሁ። በሐሰት የተሠራ ቤት ይፈርሳል ይላሉ፤ የእሱ ግን ፎቅ ሲሆን አየሁ።

ልጄን ኬሚስትሪ እንድትማር ያስገደድኳት እኔ ነኝ። እሱ የነጠቀኝን ከራሱ ደጅ ሄዳ ታምጣልኝ ብዬ ነው። ተማሪው ሆነች። አንድ ፋሲካ መጥታ እየሳቀች፣ «አባባ፣ ፕሮፌሰራችን በየዓመቱ የሚነግሩን ቀልድ አለ» አለችኝ። «አሲድ ጥጥን ይበላል፣ ሱፍን ግን እንደዚያ በቀላሉ አይደፍርም። ‹አንድ ቆለኛ ጓደኛዬ ጥጥ ለብሶ ተባረረ፤ እኔን ግን የበግ ሱፍ ፕሮፌሰር አደረገኝ› ይሉናል።»

ሳጥኑን ከፍቼ ኩታዋን ጭኗ ላይ ጣልኩላት። ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። የእኔ ስም ከስሟ ቀጥሎ በየፈተና ወረቀቷ ላይ ተጽፎ ነበር። ሰውዬው እያየው አላወቀኝም። ከመባረሬ ይልቅ ይሄ አንገበገበኝ።

ሄዳ ነገረችው። ጡረታ እንደ ወጣ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌዎች አስከትሎ ደጄ መጣ። እንደ አገራችን ወግ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። የተበደለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪል ድንጋዩ አይወርድም።

«ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» አለ ወደ መሬት።

«ድምፅህን ከፍ አድርግ። ያኔ ክፍሉ ሁሉ ሰምቶሃል።»

ጮክ ብሎ ደገመው። እኔ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

«ኧረ በመድኃኔ ዓለም! የሽማግሌ አንገት ሊቀነጠስ ነው፤ አውርድለት እንጂ!» አሉኝ አንደኛው ሽማግሌ።

«መድኃኔ ዓለምንማ እሱም ያውቀዋል። ምሎበታል» አልኩ።

ፀሐይዋ ከፍ አለች። ላቡ በጢሙ ወረደ። አልዋሽህም፣ እንደ ማር ጣፈጠኝ። ዛሬም ሳስበው ይጣፍጠኛል።

ልጄ ከቤት ወጣች። እኔን ቀና ብላ ሳታይ ድንጋዩን በሁለት እጇ ከአንገቱ አውርዳ ደጃፉ ላይ አኖረችው። «አባባ፣ ይብቃዎት» አለች። ብብቱን ደግፋ ወደ መጣበት አውቶቡስ ወሰደችው። ከዚያ ወዲህ በዓል ይመጣል፣ በዓል ያልፋል፤ እሷ አትመጣም።

ድምሩ ይኸው ነው። መምህሩ ጠርሙሱን አጣ። እናቴ ቀና ብሎ መሄድን አጣች። እሱ የተወለደበትን አገር አጣ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ዘመሮን አልረገጠም። ልጄ ሁለት አባት ነበራት፣ አንዱ የወለዳት፣ አንዱ ያስተማራት፤ ያስተማራትን መረጠች። እኔ ይቅርታውን አልሰጠሁም፣ አልሰጥምም። ጎረቤቶቼ ድንጋዩ እንቅፋት ሆነ፣ ይነሣ ይሉኛል። አላስነካም። ከቀረልኝ ነገር ሁሉ የልጄ እጅ መጨረሻ ያረፈው እሱ ላይ ነው።