ዘለበቱ ያረፈበት በር

ባለቤቴ የቱሪስት ሹፌር ነበር። እንግዶቹን ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ፣ አንዳንዴም እስከ ኮንሶና ጂንካ ያመላልሳል። መኪናው ጥቁር ነበረች። ጥቁር ቀለም ምሕረት የለውም፤ ነጭ መኪና ላይ ማንም የማያየው ጭረት እሷ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ሸረሪት ድር ብቅ ይላል። ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር እሱ ያጥባል፣ እኔ አደርቃለሁ።

ማድረቁን ያስተማረኝ ራሱ ነው፤ በተጋባን ሰሞን፣ እጄን በእጁ ይዞ።

«አትሺው» አለኝ። «መኪና እንደ ሰሃን አይታሽም። ቀለሙን የሚጭረው ውሃው አይደለም፣ ጨርቁ ሥር የቀረችው ቅንጣት አሸዋ ናት።»

መኪናዋን የምናቆማት ማንጎው ጥላ ሥር ነበር፤ ፀሐይ ላይ ከታጠበች ጠብታው እዚያው ደርቆ ነጭ ምልክት ይተዋል። እጥበቱ ሲያልቅ ውሃውን ያለ ግፊት ከጣሪያዋ ላይ ይለቀዋል፤ ውሃው ተያይዞ ሲወርድ አብዛኛውን ጠብታ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ የእኔ ተራ ነው። ቀለበቴን አወልቃለሁ። ወፍራሙን ለስላሳ ፎጣ ጣሪያዋ ላይ ዘርግቼ፣ ሁለቱን ጫፎች ይዤ፣ ሳልጫን ወደ ራሴ እስበዋለሁ። ከጣሪያው ወደ ኮፈኑ፣ ከኮፈኑ ወደ በሮቹ። በሮቹ ላይ ፎጣውን አስጠግቶ ውሃውን ማስመጠጥ ብቻ ነው። ጎማዎቹ የራሳቸው አሮጌ ጨርቅ አላቸው። መሬት የነካ ፎጣ ታጥቦ እስኪደርቅ ድረስ መኪናዋ አጠገብ አይደርስም።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ እጅ በዚያው ዓመት በጥፊ መታኝ። መጀመሪያ ስልኩን ቶሎ ስላላነሳሁ ነበር። በኋላማ ምክንያት አይጠፋም፤ ወጡ ቀዘቀዘ፣ የግቢው በር ቶሎ አልተከፈተም፣ ከባለሱቁ ጋር ወሬ አበዛሽ። አንድ ጊዜ ፀጉሬን ይዞ ጭንቅላቴን ከግድግዳው ጋር አጋጨው። ሌላ ጊዜ በርጩማ ወረወረብኝ። ሰው ሲጠይቀኝ ደረጃ ላይ ወደቅሁ እላለሁ። ግቢያችን ደረጃ የለውም።

ያ ቅዳሜ ጠዋት ከጂንካ በደረሰ ማግስት ነበር። በነጋታው እንግዶች ወደ ዶርዜ ይዞ ሊወጣ ነው። ከአባያ ሐይቅ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ አቧራ ያነሳል፤ እሱም ቶሎ ጨርሺ እያለ ይነጫነጫል። እኔ ኮፈኑን ሳደርቅ እሱ ከኋላ በር አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ቀለሙን ወደ ብርሃን ዘንበል እያለ ያያል። ድንገት ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ።

«ይህን ማን ነው የጫረው?»

«አላውቅም። ገና ወደዚያ በር አልደረስኩም።»

«ፎጣውን መሬት ጥለሽዋል።»

«አልጣልኩም።»

ቀበቶውን ፈታ። ሌላ ጊዜ ዘለበቱን መዳፉ ውስጥ ጠቅልሎ በቆዳው ነበር የሚመታኝ። ያን ቀን ግን ቆዳውን ይዞ ዘለበቱን ለቀቀው። የመጀመሪያው ትከሻዬ ላይ አረፈ። ለሁለተኛው ፊቴን ልሸፍን ክንዴን ሳነሳ፣ አጥንቴ ሲሰበር ድምፁን ከሕመሙ በፊት ሰማሁት። ጎማው ሥር ወደቅሁ። በጫማው ጎኔን ረገጠኝ፤ አፌ ውስጥ የሳሙና ውሃና ደም ገባ። እንደገና ቀበቶውን ሲያነሳ ወደ ጎን ተንከባለልኩ፤ ዘለበቱ ስቶኝ በሩን መታው።

ቆመ። በቃኝ ያለ መሰለኝ። አጠገቤ ተንበረከከ፤ ዓይኑ ግን እኔ ላይ አልነበረም። አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ዘለበቱ ያረፈበትን ቦታ ቀስ ብሎ ዳበሰው። ከዚያ ኮፈኑ ላይ የቀረውን ፎጣ አምጥቶ፣ ሳይጫን፣ ሳያሽ፣ አስጠግቶ ውሃውን አስመጠጠው። እፍ አለበት። እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር።

ለዓመታት ለራሴ ስነግረው የኖርኩት ነገር ነበር፤ ቁጡ ነው፣ ንዴቱ ሲመጣ እጁን መቆጣጠር ያቅተዋል እል ነበር። አላቃተውም።

የተሰበረውን ክንዴን በሌላው ደግፌ ተነሳሁና ወደ ውጭ ወጣሁ። የፊት ለፊታችን ባለሱቅ፣ ከስልጤ የመጡ አዛውንት ናቸው፣ ለደንበኛ ስኳር እየመዘኑ ነበር። ሲያዩኝ ሚዛኑን ትተው ወጡና አንድ ባጃጅ አስቆሙ።

«ግቢ ወደ ቤት!» አለ ባለቤቴ ከኋላዬ። ቀበቶው እጁ ላይ ነው።

ባለሱቁ መሃላችን ገቡ። «ልጄ፣ አንቺ ባጃጁ ውስጥ ግቢ» አሉኝ። እሱን ደግሞ «እሷን ከመንካትህ በፊት እኔን ንካ» አሉት።

ነካቸው። ገፍትሮ የለስላሳ ሳጥኖቹ ላይ ጣላቸው፤ ጠርሙሶቹ ተሰበሩ፣ ግንባራቸው ተተርትሮ ደሙ ጺማቸው ላይ ወረደ። ያኔ መንገድ ላይ የነበሩት ባጃጅ ነጂዎች ሁሉ ተሰበሰቡበት። እኔ ወደ ሆስፒታል ስሄድ መሬት ላይ አስተኝተውት ይረግጡት ነበር። ፖሊስ መጥቶ እንዳዳነውና እንዳሰረው የሰማሁት በኋላ ነው።

ክንዴ በጀሶ ከታሰረ በኋላ ወደ ወላጆቼ፣ ተራራው ላይ ወዳለችው ኦቾሎ ወጣሁ። እዚያ ሳለሁ በዋስ መለቀቁ ተሰማ። ታናሽ ወንድሜ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ እርሻ ላይ ነው የሚሠራው፤ ወሬውን ይዞ የመጣው እሱ ነው። የሙዝ ግንድ የሚቆርጥበትን ገጀራ ይዟል። ታላቅ ወንድሜ ዱላውን አነሳ። እናቴ ማልቀስ ጀመረች። እኔ አላለቀስኩም። ይሂዱ ብዬ ነበር በልቤ። አንገቱን ሲሉት ይታየኝ ነበር።

አባቴ ወደ ጓሮ ወጣ። እንባውን ሊደብቅ የሄደ መስሎኝ ነበር። ሲመለስ በሁለት እጁ እርጥብ ሳር ይዟል። መጥቶ ደጃፉ ላይ፣ ልጆቹ ፊት ተንበረከከ።

በእኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ተራምዶት የሚያልፍ የለም። አባት ለገዛ ልጆቹ ሲንበረከክ ግን አይቼ አላውቅም።

«አባባ፣ ይነሱ» አለ ታላቁ።

«እጇን አላዩትም?» አለ ታናሹ።

«አይቻለሁ» አለ አባቴ። «አልፋችሁኝ ሂዱና ግደሉት። ነገ የእሱ ወንድሞች ይመጣሉ። እሷ በሕይወት መጥታልኛለች፤ እናንተን ግን ቀብሬ አልኖርም።»

ታላቁ ዱላውን ጣለ። ታናሹ ገጀራውን እንደ ጨበጠ ብዙ ቆየ፤ በመጨረሻ የጓሮውን የእንሰት ተክል በአንድ ምት ጥሎ ወደ ጫካው ሄደ። እኔ ደግሞ ያንን ሳር ከአባቴ እጅ ነጥቄ መበተን አምሮኝ ነበር።

አባቴ እንደ ተንበረከከ ወደ እኔ ዞረ። «ወደ እሱ አትመለሺም» አለኝ። «ሽማግሌ ቢልክ የምመልሰው እኔ ነኝ። አንቺ ያደረገሽን ፍርድ ቤት ቆመሽ ትናገሪያለሽ።»

ሽማግሌዎች መጡ፤ አባቴ መለሳቸው። ፍርድ ቤት ስቀርብ አጠገቤ ቆመ። ባለሱቁም ግንባራቸው ላይ ጠባሳቸውን ይዘው መሰከሩ። ተፈረደበት፤ ትዳሩም ፈረሰ። ዛሬ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ክንዴ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም።

ታናሽ ወንድሜ ሙዝ ይዞልኝ ሲመጣ እስከ አሁን ያንኑ ነገር ያነሳል። «ያን ቀን አባባን አልፌ መሄድ ነበረብኝ» ይለኛል። አልነበረብህም እለዋለሁ። አንዳንድ ቀን ግን ቶሎ አልመልስለትም።