ለዘይነባ ሳላጣራ የነገርኳት

ባለፈው መስከረም 27 ቀን፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጎረቤቴ ዘይነባ ከመሥሪያ ቤቷ ደብዳቤ ተቀበለች። በአራት ዓመት የማታ ትምህርት ያገኘችው ዲግሪ ተቀባይነት የለውም ይላል። ዕድሜዋ ሃምሳ ሦስት ነው። ስሟን ቀይሬዋለሁ፤ የቀረው እንዳለ ነው።

ነገሩ ከአእምሮዬ የማይጠፋው ያንን ኮሌጅ "ደህና ነው፣ ግቢበት" ያልኳት እኔ ስለሆንኩ ነው። ጋዜጠኛ ነኝ። ሥራዬ ማጣራት ነው።

ዘይነባ ኮልፌ ውስጥ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ በዲፕሎማ ሃያ ዓመት ያህል ሠርታለች። አርባ ስምንት ሲሞላት አዲስ መዋቅር መጣና የያዘችው መደብ ዲግሪ የሚጠይቅ ሆነ። ወይ መማር፣ ወይ ዝቅ ወዳለ መደብ መውረድ።

አንድ እሑድ ከባለቤቷ ከሸምሱ ጋር ቤቴ መጥታ አማከረችኝ።

"ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዬ ከልጆች ጋር ልቀመጥ?" አለችኝ።

ሸምሱ ኮልፌ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል፤ ቀልደኛ ነው። "ትማር፣ እኔ አልከለከልኩም። ወላጅ አምጪ ሲሏት ግን እኔን እንዳትጠራኝ" አለ። ሦስታችንም ሳቅን።

ስጋቷ ግን የምር ነበር። ቤቴል ያለ አንድ የግል ኮሌጅ አይታለች፤ ለቤቷ ይቀርባታል። "እርስዎ ማጣራት ያውቁበታል። ዕውቅና እንዳለው ብቻ ይጠይቁልኝ። አለው ካሉኝ እገባለሁ፤ የለውም ካሉኝ እተወዋለሁ።"

በማግስቱ ጦር ኃይሎች ለታክሲ ተሰልፌ ሳለሁ ለማውቀው አንድ የትምህርት ባለሙያ ደወልኩ። የኮሌጁን ስም ነገርኩት። "አዎ፣ ዕውቅና አለው" አለኝ። አመስግኜ ዘጋሁ። ለዘይነባ ነገርኳት፤ ተመዘገበች።

አራት ዓመት ሙሉ ከሥራ ስትወጣ በታክሲ ቤቴል እየሄደች ተማረች። በሦስተኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ፣ ስልኳን አጥፍታ ፈተና ላይ ሳለች እናቷ አረፉ። ሰፈር ስትደርስ ጀናዛው ከቤት ወጥቶ ነበር። ፊታቸውን አላየችም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ፈተና ነበረባት፤ ሄዳ ተፈተነች።

ተመረቀች፤ መደቧንም ያዘች። ዓመት ሳይሞላ የሠራተኞች የትምህርት ማስረጃ መጣራት ጀመረ። ደብዳቤው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የዚያን ዕለት ከሥራ ስትመለስ ደጄ ላይ ቆማ ሰጠችኝ፤ አነበብኩት። ኮሌጁ ዕውቅና አለው። ዕውቅናው ግን ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍና ለእያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍ ለየብቻ ነው የሚሰጠው። የቤቴሉ ቅርንጫፍ እሷ በተማረችው ዘርፍ ዲግሪ ለመስጠት ፈቃድ አልነበረውም። ኮሌጁ ይህን ለተማሪዎቹ አልነገረም። በስልክ የመለሰልኝ ሰውዬም አልዋሸኝም። የቱ ቅርንጫፍ እንደሆነ አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም።

የዚያን ጊዜ ማስታወሻ ደብተሬን ፈልጌ አወጣሁ። "ዕውቅና አለው፤ በስልክ" ይላል። ሌላ ምንም የለም። ለጋዜጣ ቢሆን ኖሮ በአንድ ስልክ ብቻ አላወጣውም ነበር።

ደብተሩን ይዤ ቤቷ ሄድኩና አሳየኋት። ሸምሱም ነበር፤ አልቀለደም።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳት።

ገጹን አየችው። "እኔም የጠየቅኩዎት ስለ ኮሌጁ ነው፤ ስለ ቅርንጫፉ አላልኩም" አለች። ቀጥላም፣ "ሌላ ሰው ይጠይቁልኝ ሲልዎት ግን ቅርንጫፉንም ይጠይቁለት፣ ጋሼ" አለችኝ።

እስከዚያ የተማረችው አይያዝላትም። መማር ካለባት ከመጀመሪያው ነው።

"ተይው በቃ" አላት ሸምሱ። "ለጡረታሽ ሰባት ዓመት ነው የቀረሽ።"

"አራቱን ብማር ሦስቱን እሠራበታለሁ" አለች። ከዚያ፣ "እሠራበታለሁ?" ብላ ሁለታችንንም አየችን።

በዚያው ሳምንት ጦር ኃይሎች አካባቢ ያለ ሌላ ኮሌጅ ሄድኩ። የቅርንጫፉንና የዘርፉን ስም በወረቀት ይዤ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት በአካል ቀረብኩ። ዝርዝሩን አስወጥቼ በዓይኔ አየሁት። ፈቃድ አለው። የማታ ምዝገባው የሚዘጋው ዓርብ ጥቅምት 7 ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ሁሉንም ጽፌ ሰጠኋት። "እሺ፣ አላህ ይስጥልኝ" አለች። እገባለሁም አልገባምም አላለችም። እኔም ግቢ አላልኳትም። ከዚያ ወዲህ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ በመጀመሪያ የማላውቀውን እነግረዋለሁ። ቀላል አይደለም፤ ብዙዎቹ ቅር ብሏቸው ይሄዳሉ።

ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኮሌጁ ሄድኩ። የተመዘገቡት የማታ ተማሪዎች ስም ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስሟ የለበትም።