ላሟ ከቆመች በኋላ

ያን ቀን ላሟ ድና ከቆመች በኋላ ለምን እንደቆየሁ ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ። ዳግም ትወድቃለች ብዬ ሰግቼ ነው ወይስ ወደ ኪራይ ክፍሌ መመለሱን ጠልቼ?

በደርግ ዘመን ነው። ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ ስለሆነ፣ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ የካ ስመደብ ዕድሜዬ ከባልደረቦቼ ይበልጥ ነበር። እነሱ ሲጫወቱ እኔ መጽሐፌን ይዤ ጥግ እቀመጣለሁ።

ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባህር ዛፉ ከሚጀምርበት፣ በአንዲት ላም ወተት የሚተዳደሩ ሙስሊም አሮጊት ነበሩ። ላሟ በወለደች ማግስት አስጠሩኝ። በረት ውስጥ ወድቃለች፤ አንገቷን ወደ ጎኗ ቆልምማ፣ ጆሮዋ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ።

“ቡዳ ነው ይሉኛል። አንቺስ ምን ትያለሽ?”

“እንገሩን አሟጠው አለቡት?”

“አዎ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሳይቀምስማ ይሆናል?”

እንገር ማዳረስ ደግ ልማድ ነው። ግን እንገሩ ብዙ ካልሲየም ይዞ ይወጣል፤ ከደሟ ሲጎድል ጡንቻዋ ይከዳታል፣ ካልደረሱላት ልቧም ይቆማል። የካልሲየሙን ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ አሞቅኩና በአንገቷ ደም ሥር ቀስ እያልኩ መስጠት ጀመርኩ። መድኃኒቱ ከፈጠነ ራሱ ልብ ያቆማል። ስለዚህ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ልቧን እሰማለሁ፤ ምቱ ሲዛባ ቱቦውን እቆነጥጣለሁ፣ ሲስተካከል እለቃለሁ። የማንንም ልብ ያን ያህል ቆይቼ አዳምጬ አላውቅም።

ኋላ ጎኗ ተንቀጠቀጠ። አገሳች። ደርቆ የነበረው አፍንጫዋ ወዛ፤ ከዚያ ተንገዳግዳ ቆመች።

“አልሐምዱሊላህ” አሉ። “በይ ሂጂ፣ ሰዓት እላፊ ሳይደርስብሽ።”

“ልትወድቅ ትችላለች። ትንሽ ልያት።”

ውሸት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ሕመም ያገረሻል። ግን ጆሮዋ ሞቆ፣ ድርቆሿን እያመነዠከች እንኳ ከበርጩማው አልተነሳሁም።

በሚቀጥለው ዓመት ስትወልድ ሳልጠራ ሄድኩ። እንገሩን አያሟጡት ያልኳቸውን ሰምተው ጥቂት ብቻ አለቡ፤ እንገሩ ለጎረቤት በማንኪያ ደረሰ።

“ዘንድሮስ ስስታም አስባልሽኝ” አሉ።

ላሟ ምንም አልሆነችም። ጆሮዋን ዳሰስኩ፣ ልቧን ሰማሁ፤ የምቆይበት ሰበብ አጣሁ። ማዳመጫውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በሩ ጋ ደረስኩና ቆምኩ።

“እማማ፣ ቤት ሰው የለኝም” አልኳቸው። ለማንም ብዬው አላውቅም ነበር።

“ታዲያ በላሟ ምን ታሳብቢያለሽ?” አሉና በርጩማውን በእግራቸው ወደ እኔ ገፉት። “ቁጭ በይ።”